ኤስቢአይአር ወይስ ኤስቲቲአር? መጀመሪያ ደመወዛችሁን ማን እንደሚከፍል እዩ

አሜሪካ ውስጥ አነስተኛ ድርጅት ከፍታችሁ አዲስ ቴክኖሎጂ እየሞከራችሁ ከሆነ እነዚህን ሁለት ስሞች ሳትሰሙ አትቀሩም። ኤስቢአይአር (SBIR) በ1982፣ ኤስቲቲአር (STTR) በ1992 በሕግ የተቋቋሙ የፌዴራል መንግሥት የምርምር ድጋፎች ናቸው። ሁለቱም ብድር አይደሉም። ገንዘቡን የሚሰጠው መሥሪያ ቤትም ከድርጅታችሁ ድርሻ አይወስድም። የሞባይል ቺፕ ሠሪው ኳልኮም ሳይቀር ገና ትንሽ ሳለ በኤስቢአይአር ተደግፏል።

መስፈርታቸውም ተቀራራቢ ነው። ድርጅቱ ለትርፍ የቆመ፣ አሜሪካ ውስጥ የሚሠራና ሠራተኞቹ ከ500 ያልበለጡ መሆን አለበት። ባለቤትነቱ ደግሞ በመደበኛው አሠራር ከግማሽ በላይ በዜጎች ወይም በቋሚ ነዋሪዎች እጅ ይሁን ይላል። ስለዚህ ግሪን ካርድ በቂ ነው። «ዜግነት ሳልወስድ አይሆንም» ብሎ ጥሩ ሐሳቡን መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀር ሰው በጣም ያሳዝነኛል።

መንገዱ የሚለያየው ዩኒቨርሲቲ ላይ ነው። በኤስቲቲአር ከዩኒቨርሲቲ ወይም ለትርፍ ካልቆመ የምርምር ተቋም ጋር መጣመር ግዴታ ነው። በኤስቢአይአር ግን እንደ ፍላጎታችሁ ነው።

በገንዘብ እንየው። ለመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ማለትም ሐሳቡ ይሠራ እንደሆነ ለሚፈተንበት ደረጃ፣ 300,000 ዶላር አገኛችሁ እንበል። በኤስቢአይአር ቢያንስ የ200,000 ዶላሩ ሥራ በራሳችሁ ድርጅት ይሠራል። የቀረውን ለውጭ ሰው፣ ለዩኒቨርሲቲም ጭምር፣ መስጠት ትችላላችሁ። በኤስቲቲአር የእናንተ ድርሻ ቢያንስ 40 በመቶ፣ ማለትም 120,000 ነው። ለተቋሙ ቢያንስ 30 በመቶ፣ 90,000 ይሄዳል። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ከዚያ ላይ የአስተዳደር ወጪውን ይቆርጣል። ላብ ውስጥ ለሙከራው የሚደርሰው ገንዘብ ካሰባችሁት ያንሳል።

እንግዲህ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ከፕሮፌሰር ጋር ስለሚሠራ ብቻ ኤስቲቲአር ውስጥ የሚገባ አለ። የፕሮፌሰሩ ሥራ ከአንድ ሦስተኛ የማይበልጥ ከሆነ ኤስቢአይአር ይበቃችኋል።

ታዲያ ኤስቲቲአር ለማን ነው? ደመወዙን ከዩኒቨርሲቲ ለሚያገኝ ሰው። በኤስቢአይአር ዋናው ተመራማሪ ከሥራ ጊዜው ከግማሽ በላይ የድርጅቱ ተቀጣሪ መሆን አለበት። ልጆች ላሉትና የጤና ኢንሹራንሱ በዩኒቨርሲቲው በኩል ለሆነ ተመራማሪ ይህ ከባድ ውሳኔ ነው። በኤስቲቲአር፣ ለምሳሌ በብሔራዊ የጤና ተቋማት በኩል ሲያመለክት፣ ሥራውን ሳይለቅ ፕሮጀክቱን መምራት ይችላል። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ግን የራሱን ቅድመ ሁኔታ ስለሚጨምር የማመልከቻ ጥሪውን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ኤስቲቲአር አንድ ተጨማሪ ሸክም አለው። የፓተንት መብቱ የማን እንደሚሆን ከዩኒቨርሲቲው ጋር በጽሑፍ መስማማት አለባችሁ። ይህን ድርድር ቀድማችሁ ጀምሩት፤ የዩኒቨርሲቲ ጠበቆች አይቸኩሉም።

ምርጫም የሚሰፋው በኤስቢአይአር ነው። ኤስቢአይአርን አሥራ አንድ መሥሪያ ቤቶች ሲሰጡ ኤስቲቲአርን የሚሰጡት ከእነዚህ የተወሰኑት ብቻ ናቸው፤ ለምሳሌ መከላከያ፣ ጤና፣ ኢነርጂ፣ ናሳና ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን። ሙሉ ጊዜያችሁን ለድርጅታችሁ መስጠት ከቻላችሁ የእኔ ምክር ኤስቢአይአር ነው። የምትፈልጉት ውድ መሣሪያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብቻ ካለና ወደ ግማሽ የሚጠጋው ሥራ እዚያ የሚሠራ ከሆነ ግን ኤስቲቲአር ይሻላል።

የሁለቱም ሕጋዊ ፈቃድ ሴፕቴምበር 30፣ 2025 ላይ አብቅቶ ነበር። ስለዚህ ፕሮፖዛል መጻፍ ከመጀመራችሁ በፊት የምትፈልጉት መሥሪያ ቤት ጥሪ መክፈቱን አረጋግጡ። እስከዚያው ድርጅታችሁን የፌዴራል መንግሥቱ የምዝገባ ድረ ገጽ በሆነው ሳም ዶት ገቭ (SAM.gov) ላይ አስመዝግቡ። ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፣ ግን በነፃ ነው። «ክፈሉንና እናስመዝግባችሁ» የሚል ኢሜይል ቢመጣ አትክፈሉ።