ለእማዬ ምን ልግዛ? የአረጋውያንን የሰውነት ሚዛን የሚለኩ ዕቃዎች ሲነጻጸሩ

በፍልሰታ ጾም እማዬ ከኪዳን ስትመለስ በራችን ላይ ወደቀች። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጀምሮ ያለውን እርጥብ ኮብልስቶን፣ ጭቃውንና የባጃጁን ግርግር በሰላም አልፋ መጥታ፣ የገዛ ግቢዋ በር መድረክ አደናቀፋት። በእጇ ልትመክት ስትል የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። 74 ዓመቷ ነው።

ጎረቤት «ወጌሻ ጋ እንውሰዳት» አለ። እኛ ሆስፒታል ወሰድናት፤ ጀሶ ታሰረላት። የዚያኑ ቀን ማታ ውጭ ያለው ወንድሜ ደወለ። «ምን ልላክ?» አለኝ። መውደቅን የሚያውቅ የእጅ ሰዓት አለ። አካሄድን የሚለካ ስልክ አለ። ሰው ቆሞበት ሚዛኑን፣ ማለትም ሳይንገዳገድ መቆሙን፣ የሚለካ ሰሌዳም አለ። ገንዘቡ የእሱ ላብ ስለሆነ «ሁሉንም ላክ» ማለት ከበደኝ። አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። ለእናት ለአባታችሁ ተመሳሳይ ነገር ለምታስቡ፣ ያገኘሁት ይኸው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ለዩ። አንዳንዱ ዕቃ ሰው ከመውደቁ በፊት ያስጠነቅቃል። አንዳንዱ ደግሞ ከወደቀ በኋላ ለሌላ ሰው ይናገራል። ሁለቱም ይጠቅማሉ፤ ግን አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ገዝቶ የመጀመሪያውን የገዛ ይመስለዋል።

ወንበርና ሰዓት

ከሁሉ ርካሹ ይህ ነው፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠውም ይኸው ሆኖ ተገኘ። የሚያስፈልገው መደገፊያ ያለው ጠንካራ ወንበር፣ ሜትርና የስልካችሁ ሰዓት መቁጠሪያ ብቻ ነው። በርጩማ አይሆንም፤ የወንበሩ መቀመጫ ከመሬት 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። እንዳይሸሽ ግድግዳ አስደግፉት።

የመጀመሪያው ልኬት ተነስቶ መሄድ ነው። ከወንበሩ 3 ሜትር ላይ በጠመኔ ምልክት ታደርጋላችሁ። «ሂጂ» ስትሏት ተነስታ፣ በተለመደ እርምጃዋ ምልክቱ ድረስ ሄዳ፣ ዞራ ተመልሳ ትቀመጣለች። ከዘራ የምትይዝ ከሆነ ይዛ ትሂድ። 12 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ከፈጀ የመውደቅ አደጋ አለ ማለት ነው።

እማዬ 16 ሰከንድ ፈጀባት። ከቁጥሩ ይልቅ ያስደነገጠኝ ግን ያየሁት ነገር ነው። ምልክቱ ጋ ስትደርስ ቆም አለች። ከዚያ በስድስት ትናንሽ እርምጃ፣ መሬቱን እያየች፣ ቀስ ብላ ዞረች። ነጠላዋን በግራ እጇ ጨምድዳ ይዛ ነበር። በየቀኑ አብሬያት እየኖርኩ ይህን አንድም ቀን አላየሁትም።

ሁለተኛው የእግር ጉልበት ነው። እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ተነስታ እንደምትቀመጥ ትቆጥራላችሁ። ከ70 እስከ 74 ዓመት ላለች ሴት ከ10 በታች ከሆነ ዝቅተኛ ነው። በዚያው ዕድሜ ላለ ወንድ ከ12 በታች። በእጇ ተደግፋ ከተነሳች ዜሮ ብላችሁ መዝግቡ። እማዬ 7 ነበረች።

ሦስተኛው አቋቋም ነው። እግር ከእግር ተገጣጥሞ፣ ቀጥሎ አንዱ እግር ትንሽ ቀድሞ፣ ቀጥሎ የአንዱ ተረከዝ የሌላውን ጣት ነክቶ በአንድ መስመር፣ በመጨረሻ በአንድ እግር። እያንዳንዱ 10 ሰከንድ። ሦስተኛውን አቋቋም 10 ሰከንድ መያዝ ካቃታት ምልክት ነው። ስትለኩ አጠገቧ ቁሙ፤ እጃችሁ ለመያዝ ዝግጁ ይሁን።

የዚህ ዘዴ ድካሙ ለኪው ነው። ዛሬ በአንድ ወንበር፣ ነገ በሌላ፤ ዛሬ በጫማ፣ ነገ በነጠላ ጫማ ከለካችሁ ቁጥሩ ዋጋ የለውም። የጾም ቀንም ለውጥ አለው። እማዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትበላ ስለካትና ቁርስ በልታ ስለካት ሁለት ሰከንድ ያህል ይለያያል። አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ጫማ ምረጡ።

ስልክ

አይፎን 8 እና ከዚያ በኋላ የመጡት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው አይኦኤስ 15 ከሚባለው የስልኩ ሥርዓት ጀምሮ፣ የአካሄድን እርጋታ ይለካሉ። የእርምጃውን ርዝመት፣ ፍጥነቱንና ሁለቱ እግሮች እኩል መሥራታቸውን እያዩ ደረጃ ይሰጣሉ። ደህና፣ ዝቅተኛ፣ በጣም ዝቅተኛ ይላሉ። ጥሩነቱ ማንም «ልለካሽ» ሳይል መለካቱ ነው። ሰው እየታየ ሲሄድ ጠንቀቅ ይላል፤ ስልኩ የሚያየው የዘወትሩን አካሄድ ነው።

ችግሩ ስልኩ ወገብ አካባቢ፣ ኪስ ውስጥ መሆን አለበት። መንገዱም ሜዳ መሆን አለበት። አባታችሁ ስማርት ስልክ ሱሪ ኪሱ ውስጥ ይዞ በሐይቁ ዳር አስፋልት ጠዋት ጠዋት የሚንሸራሸር ከሆነና አይፎኑ ካለው፣ ዛሬውኑ ክፈቱለት። የእማዬ ስልክ ግን ባለ ቁልፍ ናት። እሷም ብትሆን ወይ ቡፌው ላይ ወይ ደረቷ ውስጥ ናት። ለዚህ ሲባል ብቻ አይፎን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። «ይቅር» አልኩት ወንድሜን።

ሰሌዳ

በሰፊው የሚታወቀው ኒንቴንዶ የተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ኩባንያ የሠራው የዊ ሰሌዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለጨዋታ የወጣ ነው፤ በአራቱ ማዕዘን የክብደት መለኪያ አለው። ሰው ሲቆምበት ክብደቱ ወዴት እንደሚያዘነብል ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት ከውዱ የላቦራቶሪ መሣሪያ ጋር የተቀራረበ ውጤት እንደሚሰጥ አሳይቷል። አሁን አይመረትም፤ የሚገኘው ያገለገለ ነው። ኮምፒውተር፣ ብሉቱዝና ቁጥሩን የሚያነብ ፕሮግራም ይፈልጋል።

አንድ ተውሼ ሞከርኩት። እማዬ ትከሻዬን ሳትይዝ አልወጣበትም አለች፤ ልክ ነበረች። ሰሌዳው ከመሬት ከፍ ይላል። ለእሷ ሌላ መድረክ ነው። ብዙ ታካሚ ለሚያይ ፊዚዮቴራፒስት (በእንቅስቃሴ ለሚያክም ባለሙያ) ጥሩ ዕቃ ነው። ለአንድ ቤት አልመክርም።

የእጅ ሰዓት

አይፎንን የሚሠራው አፕል እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው ሲሪስ 4 ጀምሮ መውደቅን የሚለይ ሰዓት አለው። ሰውየው ክፉኛ ወድቆ ለአንድ ደቂቃ ያህል ካልተንቀሳቀሰ ሰዓቱ ለአስቸኳይ እርዳታ ይደውላል፤ ለመዘገባችሁት ሰውም መልእክት ይልካል። ይህ ሁለተኛው ዓይነት ዕቃ ነው። ከወደቁ በኋላ ይናገራል።

ብቻውን ለሚኖር ሰው እገዛዋለሁ። ወድቀው ሳይነሱ ሰዓታት መሬት ላይ መቆየት ራሱ ክፉኛ ይጎዳል። ስትመዘግቡ ግን ዋሽንግተን ያለውን ልጅ አታስቀድሙ። ቶሎ መድረስ የሚችለውን ጎረቤት መዝግቡ። በየቀኑ ቻርጅ ማድረግ እንዳለበትና አይፎን አጠገቡ እንደሚፈልግም አትርሱ። እኛ ቤት ሰው አይጠፋም፤ ስለዚህ አልገዛንም።

ያላሰብኩት ዕቃ

ጀሶው ሲፈታ ወደ ፊዚዮቴራፒ ላኩን። ባለሙያው 14 ነገር አሠሯት፤ መቆም፣ መዞር፣ ጎንበስ ብሎ ዕቃ ማንሳት። ከ56 ነጥብ የሚታረም ልኬት ነው። ከዚያ አስተኝተው ግፊቷን ለኩ፤ አስነስተው ደግመው ለኩ። የላይኛው ቁጥር በ24 ወረደ። ጠዋት ተነስታ «አዞረኝ» የምትለው ለካ ከዚህ ነው። ሐኪሟ የደም ግፊት መድኃኒቷን አስተካከሉላት።

ይህን ወንበሩም ስልኩም አይነግሩኝም ነበር። ስለዚህ ወንድሜ የላከው በክንድ ላይ የሚታሰር የግፊት መለኪያ ነው። ዋጋው ከሰዓቱ ጋር አይወዳደርም። አጠቃቀሙም ቀላል ነው። 5 ደቂቃ ተኝታ ትለካለች፤ ከተነሳች በ1 ደቂቃና በ3 ደቂቃ እንደገና። የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ለሐኪም ንገሩ። መድኃኒቱን በራሳችሁ አትቀንሱ።

ከዘራም ገዝተናል። እንጨትም ይሁን ብረት፣ ዋናው ቁመቱ ነው። ቀጥ ብላ ቆማ እጇን ስታወርድ መያዣው የእጇ አንጓ ጋ መድረስ አለበት። ጫፉ ላይ ጎማ ይኑረው፤ ሲያልቅ ይቀየር። የሚያዘው ከደካማው እግር በተቃራኒ ባለው እጅ ነው። ከታች አራት እግር ያለውን እኛ ሰፈር አልወደድኩትም፤ ኮብልስቶን ላይ አራቱም እኩል አያርፉም፣ ይንገዳገዳል። መቋሚያም ለቅዳሴ መቆሚያ እንጂ ለመንገድ አይሆንም፤ ረዥም ነው።

የተረፈውን ገንዘብ የበሩን መድረክ አስፈርሰን በሲሚንቶ ተዳፋት አሠራንበት። ወደ ሽንት ቤት በሚወስደው መንገድ አምፖል ተሰቀለ። ነጠላ ጫማዋ በስተኋላ ማሰሪያ ባለው ጫማ ተተካ።

መለካት ብቻውን ግን ማንንም አያቆምም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ፣ 108 ጥናቶችን ያካተተ ግምገማ የሰውነት እንቅስቃሴ ቤታቸው በሚኖሩ አረጋውያን ላይ የመውደቅን ብዛት በ23 በመቶ እንደሚቀንስ አግኝቷል። ሚዛንን የሚያሠሩት ደግሞ ዋነኞቹ ናቸው። እማዬ ወጥ ቤት ቡና ስትቆላ፣ ምጣዱ እስኪሞቅ መደርደሪያውን ይዛ ተረከዝ ከጣት ትቆማለች። ቡናው እስኪፈላ ከወንበሩ አሥር ጊዜ ትነሳለች። ጎረቤቶቿም አብረዋት መነሳት ጀምረዋል።

በየወሩ በልደታ ቀን፣ ቁርስ ከበላች በኋላ እለካታለሁ። ቁጥሩን ግድግዳው ካላንደር ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ። ባለፈው ልደታ 12 ጊዜ ተነሳች፤ መንገዱን ሄዳ ለመመለስ 11 ሰከንድ ፈጀባት። ስትዞር ግን አሁንም አራት እርምጃ ናት። አሁን የምንሠራው እሱ ላይ ነው።