ፓወር ባንክ ይዞ ወሎ መግባት፦ በመንገዴ ያገኘኋቸው አገልግሎቶች

ዘንድሮ ቤተሰብ ልጠይቅ ወሎ ስገባ የሻንጣዬ ግማሹ ኤሌክትሮኒክስ ነበር። ለእህቴ ልጅ ላፕቶፕ፣ ለእናቴ የደም ግፊት መለኪያ፣ መብራት ሲጠፋ እንዲያገለግል ደግሞ ለየዘመዱ ፓወር ባንክ። ስለዚህ የተጠቀምኩባቸውን አገልግሎቶች የምመዝነው በዚህ በኩል ነው።

ከሁሉም ያዘንኩት ትኬት በቆረጠልኝ ወኪል ነው። ስለ ኪሎ በደንብ አስረዳኝ። ስለ ባትሪ ስጠይቀው ግን "ችግር የለውም፣ ሻንጣ ውስጥ ክተተው" አለኝ። ይሄ አደገኛ መልስ ነው። ፓወር ባንክና ትርፍ ሊቲየም ባትሪ በሚጫን ሻንጣ አይገባም፤ በእጅ ነው የሚያዘው። ሊቲየም ባትሪ ከተጎዳ ራሱን በራሱ እያጋለ ሄዶ ይቀጣጠላል። ዕቃ መጫኛው ውስጥ ያለው የእሳት ማጥፊያ ጋዝ ነበልባሉን ቢያፍን እንኳ የባትሪውን ግለት አያቆምም። መንገደኛው ባለበት ከሆነ ግን ቶሎ ይታያል፣ አስተናጋጆቹም ውሃ አፍስሰው ያቀዘቅዙታል። በፈረንጆቹ ጥር 2025 ደቡብ ኮሪያ ቡሳን ላይ አንድ አውሮፕላን ገና ሳይነሳ በእሳት ተያይዟል። መርማሪዎቹ የጠረጠሩት ፓወር ባንክ ነው። ደግነቱ ሁሉም ሰው በሕይወት ወጣ።

መጠኑም ወሰን አለው። የሚለካው በዋት አወር፣ ማለትም ባትሪው በሚይዘው የኃይል መጠን ነው። እስከ 100 ዋት አወር ያለ ፈቃድ ያልፋል፤ ከ100 እስከ 160 የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል፤ ከዚያ በላይ ክልክል ነው። ገበያ ላይ ያለው ባለ 20 ሺህ ሚሊአምፐር አወር ፓወር ባንክ 74 ዋት አወር ገደማ ስለሆነ አያሳስብም። ባለ 30 ሺው ግን 111 ይደርሳል። ጽሑፉ የተፋቀ ወይም መጠኑ ያልተጻፈበት ከሆነ ፍተሻ ላይ ሊቀር ስለሚችል ባትገዙት ይሻላል።

ቦሌ ላይ ፍተሻው ገና ከበሩ ይጀምራል። ሰልፉ ይረዝማል፤ ሥራቸውን ግን ያውቃሉ። ወደ ኮምቦልቻ የሚበረው አውሮፕላን ትንሽ ስለሆነ ከላይ ያለው የዕቃ ማስቀመጫ ጠባብ ነው። ትልልቅ የእጅ ሻንጣዎችን ደረጃው ሥር ተቀበሉን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይዘነጋል፤ ሻንጣው ከእጅ ሲወጣ ፓወር ባንኩ መውጣት አለበት። ሠራተኛው ይህንን ጮክ ብሎ ተናገረ፣ እስክናወጣም ጠበቀን። በጣም አመሰገንኩት።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ የሞባይል ጥገና ቤት ገብቼ ነበር። የወንድሜ ስልክ ጀርባው ተነስቷል። ልጁ ገና ሲያየው "ባትሪው አብጧል። ይሄን ይዘህ አውሮፕላን ላይ እንዳትወጣ" አለኝ። ልክ ነው፤ ያበጠ ባትሪ በእጅም በሻንጣም ክልክል ነው። እዚያው ቀየረልኝ፣ ዋጋውንም አላጋነነም። ትኬት ሻጩ ያላወቀውን የደሴው ጠጋኝ ያውቀዋል።

ልቤን የነካው ግን የኮምቦልቻ ኤርፖርት ነው። ስንመለስ ከፊቴ የነበሩ እናት ሻንጣ ውስጥ ፓወር ባንክ ተገኘ። ልጃቸው ከጅዳ የላከችላቸው ነው። የሚወሰድባቸው መስሏቸው ደነገጡ። ፈታሿ "አብሽሪ እማማ፣ አንወስድብሽም። በእጅሽ ያዢው፣ ሻንጣ ውስጥ እሳት እንዳያስነሳ ነው" አለቻቸው። ከዚያ ራሷ አውጥታ በፌስታል ጠቅልላ ቦርሳቸው ውስጥ ከተተችላቸው። እንዲህ ምክንያቱ የተነገረው ሰው ሕጉን ለጎረቤቱም ያስተላልፋል።

ለሠርግ ድሮን አምጣልን የሚል ዘመድ ካላችሁ አስቀድማችሁ እምቢ በሉ። ያለ ኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ቦሌ ላይ ይያዛል።

ለትኬት ወኪሎች አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ከጅዳና ከቤይሩት ወደ ወሎ የሚመለሱ እህቶቻችን ብዙ ናቸው፤ ስጦታቸውም ስልክና ፓወር ባንክ ነው። ኪሎውን በምትነግሩበት አፍ የባትሪውንም ጨምራችሁ ንገሯቸው። በአማርኛ፣ በሁለት መስመር፣ ትኬቱ ላይ ብትጽፉላቸው ይበቃል።