የሱፐርባይክ ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት፦ የአሜሪካው፣ የእንግሊዙ ወይስ የሰፈሩ ክለብ?

አንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ወዳጄ ደወለልኝ። «ልጁ ሞተር ሞተር እያለ አስቸግሮኛል፤ የት ልውሰደው?» አለኝ። ሃያ ደቂቃ ለፈለፍኩበት። መጨረሻ ላይ «በቃ ጭራሽ ግራ አጋባኸኝ» ብሎ ዘጋው። እውነቱን ነው። ስለዚህ ይኸው፣ አሁን ረጋ ብዬ ልጻፈው።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ሞቶጂፒ ላይ፣ ማለትም ትልቁ የዓለም የሞተር ሳይክል ሻምፒዮና ላይ፣ የምታዩት ሞተር የትም ሱቅ አይሸጥም፤ ለውድድር ብቻ የሚሠራ ነው። ሱፐርባይክ ግን መነሻው ማንም ገንዘብ ያለው ሰው ገዝቶ ሊነዳው የሚችል ሞተር ነው። ያማሃ አር1፣ ዱካቲ ፓኒጋሌ፣ ሆንዳ ሲቢአር፣ እነሱን የመሰለ። ወደ 1000 ሲሲ ነው፤ ጉልበቱም ከ200 ፈረስ ይበልጣል። ቡድኖቹ በታትነው፣ አቅልለው፣ አሹለው ያወጡታል። የዓለም ሻምፒዮና አለው፤ እሱን ዛሬ እንተወው። ከሱ በታች ያሉት ናቸው ለኪሳችንም ለመንገዳችንም የሚቀርቡት።

አሜሪካ ውስጥ ብሔራዊው ሻምፒዮና ሞቶአሜሪካ ይባላል። ታሪኩ እስከ 1976 ይመዘዛል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። በዚህ ስሙ የሚካሄደው ከ2015 ጀምሮ ነው። የሚመራው ዌይን ሬይኒ ነው። ሬይኒ በ1990፣ በ1991 እና በ1992 የ500 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ነበር። በ1993 ጣሊያን ውስጥ ሚሳኖ ላይ ወደቀና መራመድ አቆመ። ዛሬ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ሻምፒዮናውን ይመራል።

የሞቶአሜሪካ ትልቁ ጥቅሙ ሆድ መሙላቱ ነው። በአንድ ትኬት ብዙ ዓይነት ውድድር ታያላችሁ፤ ሱፐርባይክ፣ ሱፐርስፖርት፣ ስቶክ 1000፣ ሌላም ሌላም። ከዚያ ደግሞ ቤገሮቹ አሉ። ሻንጣ የተገጠመላቸው ግዙፍ ሃርሊ ዴቪድሰንና ኢንዲያን ሞተሮች ናቸው። ሱፐርባይክ 170 ኪሎ ገደማ ቢመዝን እነዚህ ወደ 280 ይጠጋሉ። ፍሎሪዳ ባለው የዴይቶና ሰርኪት (የመወዳደሪያ መም) ላይ ግን በሰዓት ከ290 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራሉ። እኔ መጀመሪያ ስሰማ ቀልድ መስሎኝ ነበር። በ2020 ካሊፎርኒያ ባለው ላጉና ሴካ ላይ በአንድ ውድድር የተጀመረው ነገር አሁን ሕዝቡን ከሚጎትቱት አንዱ ሆኗል። ልጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ልጁ ለሳምንት የሚያወራው ስለነሱ ነው።

ሌላው ጥቅም ፓዶኩ ነው፤ ቡድኖቹ ድንኳን ተክለው ሞተር የሚፈቱበት ግቢ። ተራ መግቢያ የያዘ ሰውም ይዞርበታል። ሻምፒዮን የሆነ ጋላቢ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሙዝ ሲበላ ታገኙታላችሁ፤ ሄዳችሁ ሰላም ብትሉት አይቆጣም።

ጉድለቱስ? አንዳንድ ዓመት ውድድሩ አንድ ሰው እጅ ይወድቃል። በ2021 ጄክ ጋኝ በያማሃው 16 ውድድር በተከታታይ አሸነፈ። ጎበዝነቱን አደንቃለሁ፤ ግን ማን እንደሚያሸንፍ እያወቁ ትኬት መግዛት ትንሽ ይከብዳል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። በ2024 ጆሽ ሄሪን ያነሳው ዋንጫ በላብ የመጣ ነው።

ወደ እንግሊዝ እንሻገር። ለንደን ያላችሁ ሰዎች፣ ዕድለኞች ናችሁ። ብሪቲሽ ሱፐርባይክ ለኔ ከብሔራዊ ሻምፒዮናዎች ሁሉ ጣፋጩ ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ አንድ ሕግ ነው። ዛሬ ትልልቅ ሞተሮች ላይ የኋላ ጎማ ሲንሸራተት ኮምፒውተሩ ራሱ ጉልበት ይቀንሳል። የፊት ጎማ ሲነሳም ያወርደዋል። እንግሊዞቹ በ2012 ለሁሉም አንድ ዓይነት የሞተር መቆጣጠሪያ ሰጡና ይህን እርዳታ ከለከሉ። ስለዚህ ጎማውን የሚቆጣጠረው የጋላቢው ቀኝ እጅ ብቻ ነው። ከመታጠፊያ ሲወጡ ሞተሩ ሲወራጭ፣ ፊቱ ሰማይ ሲያይ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ካድዌል ፓርክ የሚባል ጠባብ ሰርኪት አለ፤ «ተራራው» የሚሉት ቦታ ላይ ሁለቱም ጎማ ከመሬት ይለቃል። ሰዉ ቀኑን ሙሉ እዚያች ጉብታ ሥር ቆሞ ይውላል።

ፉክክሩም የጥርስ ነው። በ2023 ቶሚ ብራይድዌል ዋንጫውን የወሰደው የራሱን ቡድን ጓደኛ ግሌን ኧርዊንን በግማሽ ነጥብ በልጦ ነው። ግማሽ! በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ብራይድዌል ራሱ በአንድ ነጥብ ተበልጦ ለካይል ራይድ አስረከበ። ለስድስት ተከታታይ ዓመታት የዓለም ሱፐርባይክ ሻምፒዮን የሆነው ጆናታን ሪም በ2007 እዚሁ ሁለተኛ ወጥቶ ነው ያለፈው።

ብራንድስ ሃች ኬንት ውስጥ፣ ከለንደን ብዙም አይርቅም። አጭሩ ዙር ሁለት ኪሎ ሜትር አይሞላም። በ45 ሴኮንድ ገደማ ተመልሰው ፊታችሁ ይመጣሉ። ቦታው እንደ ጎድጓዳ ሳህን ስለሆነ ከሳሩ ዳገት ላይ ሆናችሁ መሙን ከሞላ ጎደል ታዩታላችሁ። ከዊስኮንሲኑ ሮድ አሜሪካ ጋር አስተያዩት፤ እዚያ አንድ ዙር ከስድስት ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ውበቱ ሌላ ነው፤ ግን አንዴ ካለፉ ከሁለት ደቂቃ በላይ ዛፍ ስታዩ ትቆያላችሁ።

አንድ ቀን ብቻ የሚበቃችሁ ከሆነ እሁድን ግዙ። በእንግሊዙ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ከሚካሄዱት ሦስት የሱፐርባይክ ውድድሮች ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ እሁድ ናቸው። በአሜሪካው አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ቅዳሜ አንዱ እሁድ ስለሆነ ያን ያህል ለውጥ የለውም።

አሁን ወደምወደው ልምጣ፤ የሰፈር ክለብ። ከዋሽንግተን ሰዓት ተኩል ያህል ነድታችሁ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ሰሚት ፖይንት የሚባል ሰርኪት አለ። እንደ ዌራ ያሉ ክለቦች እዚያ ይወዳደራሉ። ቴሌቪዥን የለም፣ አስተዋዋቂው የሚሰማው ሲያሻው ነው፤ መግቢያው ግን ከብሔራዊው ጋር አይወዳደርም፣ በጣም ርካሽ ነው። የሚጋልቡት ማናቸው? ቧንቧ ሠራተኛ፣ ነርስ፣ የኮምፒውተር ባለሙያ። ሰኞ ሥራ ገቢ ሰዎች ናቸው።

አንድ ጠዋት የተመለከትኩት አይረሳኝም። አንድ ወጣት ከፒክአፑ ኋላ ተንበርክኮ የዘይት ማፍሰሻውን ብሎን በቀጭን ሽቦ ያስራል። ብሎኑ ተፈትቶ ዘይት መሙ ላይ ቢፈስ ከኋላው ያለው ሁሉ ይወድቃል፤ ስለዚህ ሽቦው ግዴታ ነው። ጣቱ ደምቷል። አባቱ ባትሪ ያበራለታል። ሞተሩ ላይ ያለው የቁጥር ሰሌዳ ቢጫ ነበር፤ ጀማሪ ማለት ነው። የበሰሉት ነጭ ይለጥፋሉ። እኔ ቆሜ ሳይ አባትየው ዞር ብሎ «ያዝልኝ» አለና ባትሪውን ሰጠኝ። ከዚያ በኋላ የዚያን ልጅ ውድድር እንደ ዘመድ ነው ያየሁት። ስንተኛ እንደወጣ እንኳ ትዝ አይለኝም። ብቻ ከመጨረሻ አልነበረም።

ግን አትሸወዱ። ከማንም ጋር ትውውቅ ከሌላችሁ የክለብ ቀን ይረዝማል። ብዙ አጫጭር ውድድሮች፣ ብዙ ክፍሎች፣ ማን ከማን ጋር እንደሚፎካከር የማይገባ። ትንሽ ልጅ እስከ ምሳ ሰዓት ቢታገሥ ነው።

ራሳችሁ መጋለብ ከፈለጋችሁ ደግሞ ምርጫው የለም፤ በር የሚከፍተው ክለቡ ነው። መጀመሪያ የጋላቢ ትምህርት፣ ከዚያ ፈቃድ፣ ከዚያ የቴክኒክ ፍተሻ። መብራቱ ይነሳል፣ ራዲያተሩ ውስጥ አንቱፍሪዝ ወጥቶ ውሃ ይገባል፤ አንቱፍሪዝ ከፈሰሰ እንደ ሳሙና ያዳልጣል። አንድ ወጥ የቆዳ ቱታና ደህና ሄልሜት ላይ አትቆጥቡ። ኪስ የሚያራቁተው ግን ጎማ ነው። ቅዳሜና እሁድ ሙሉ ጎሚስታው ጋ ወረፋ ይዛችሁ ታገኙታላችሁ ራሳችሁን። በ1000 ሲሲ አትጀምሩ። ትንሽ ሞተር ጎማ አይበላም፣ ስህተትንም ይቅር ይላል።

ስለ መቀመጫ አንድ ነገር። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ ውዱን ትኬት ገዛሁ፤ ቀጥተኛው መንገድ ላይ፣ መነሻው ፊት ለፊት። ያየሁት «ዝዝዝ» የሚል ቀለም ብቻ ነው። ፀሐዩም ከሰዓት በኋላ ፊቴ ላይ ነበር። ገንዘባችሁን ያዙና ተራ መግቢያ ገዝታችሁ ፍሬን የሚይዙበት መታጠፊያ ፈልጉ፣ ሳር ላይ ታጣፊ ወንበር ዘርጉ። መብለጡም መውደቁም ያለው እዚያ ነው። የሚቀያየረውን የዓመቱን መርሐ ግብርም ከመክፈላችሁ በፊት እዩ፤ አንዱ ሰርኪት ዘንድሮ ኖሮ ለከርሞ ላይኖር ይችላል።

አትላንታ ላላችሁ ብራዝልተን ያለው ሮድ አትላንታ ከክላርክስተን አንድ ሰዓት ቢወስድ ነው፤ እናንተ ብዙ አታስቡ። አላባማ የምትደርሱ ደግሞ ባርበር ሰርኪት አጠገብ ግዙፍ የሞተር ሳይክል ሙዚየም አለ፣ ሞተር የማይወድ የትዳር ጓደኛ ይዞ ለሚሄድ መዳኛ ነው።

ወዳጄን በመጨረሻ እንዲህ አልኩት፦ መጀመሪያ ልጁን ሞቶአሜሪካ ውሰደው፣ ቤገሮቹን ይይ። ከወደደው በወሩ ሰሚት ፖይንት ይዘኸው ሂድ። የእንግሊዙን ቤት ሆናችሁ በስክሪን እዩት። ለልጁ የጆሮ መድፈኛ እንዳትረሳ አልኩት።

ትንሽ ዝም ብሎ፣ «ምሳ ቋጥረን መግባት ይቻላል?» አለኝ።