ለወንድሜ ጀልባ መብራት የሰሩልኝን ጋሼ አመስግኑልኝ (ደብረ ብርሃን ጠባሴ)

ሰላም የሀገሬ ልጆች እንደምን ናችሁ። እኔ መለጠፍ ብዙም አልወድም፣ የሰው ለማንበብ ነው የምገባው፣ ዛሬ ግን ይሄን ሳልጽፍ ብተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም። ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ስለ ጀልባ ስጽፍ እንደምትስቁ አውቃለሁ። ሳቁ፣ እኛ ሰፈር ተስቆ ያለቀ ነገር ነው።

ታናሽ ወንድሜ ዝዋይ ዓሣ ያሰግራል፣ ስድስት ዓመቱ። ሁሌም በሰው ጀልባ ነበር፣ ለባለጀልባው ካካፈለ በኋላ ለሱ የሚተርፈው የቤት ኪራይና የሽሮ ነው። አምና እቁብ ሲደርሰኝ ላሜራ ገዛሁና የእህቴ ልጅ በያጅ ስለሆነ እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ጀልባ ሰራለት። ጎረቤቱ በሙሉ እየመጣ አየ። ከጎናችን ያሉት እትዬማ "ምነው ልጄ፣ የጥፋት ውሃ ሊመጣ ነው እንዴ? ለኛም ቦታ ያዢልን እንጂ" አሉኝ። ከዛ ቀን ጀምሮ ቤታችን የኖህ ቤት ሆኖ ቀረ፣ የሰፈሩ ልጆች እኔን "የኖህ እህት" ነው የሚሉኝ።

ብየዳው ቆንጆ ወጣ፣ መከራዬን ያበላኝ መብራቱ ነው። ወንድሜ መረቡን ማታ ጥሎ ሌሊት ነው የሚያነሳው፣ እዛ ሀይቅ ላይ ደግሞ ጉማሬ አለ፣ በጨለማ ጉማሬ ላይ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ እናንተው አስቡት። ስለዚህ ከፊት አንድ ፓውዛ፣ ሌላው ጀልባ እንዲያየው ትንንሽ መብራቶች፣ የገባ ውሃ የሚያወጣ ፓምፕ፣ ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ። አራት ስዊች በቃ። አራት ስዊች አንድ ዓመት ያንከራትተኛል ብዬ በህልሜም አላሰብኩም።

መጀመሪያ የመጣው ሰውዬ (ማን እንደሆነ አልናገርም፣ የእንጀራ ነገር ነው) ያችን ግድግዳ ላይ ያለችውን ነጯን የቤት ማብሪያ ማጥፊያ አራቱን ጣውላ ላይ ደርድሮ፣ ሽቦውን በጣቱ ጠምዝዞ በናስትሮ ጠቅልሎ፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጨርሶ ብሩን ቆጥሮ ሄደ። ሲነኩት በራ፣ እኔም ምን አውቄ፣ እልል አልኩ። ሶስተኛው ሳምንት ላይ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሀይቁ መሀል ፓውዛው ድርግም አለ። የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ ይላል፣ ስዊቹን ሲነካው እንደ ምጣድ ግሏል፣ ፓምፑም አልነሳ አለ። በጣሳ እየቀዳ እየደፋ ነጋለት። ጠዋት ሲደውልልኝ ድምፁ ሌላ ሰው ነበር፣ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ሰውየው ጋ ስደውል "ሳስረክብሽ ይሰራ ነበር" ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው፣ ስደግም ብሎክ አድርጎኛል። እግዜር ይይለት።

ቀጥዬ እቃው ነው ችግሩ ብዬ ትልቅ ከተማ ወርጄ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ቀና ብሎም ሳያየኝ "ባልሽን ላኪው እሱ ይገባዋል" አለኝ። ባል የለኝም፣ ቢኖረኝስ የጀልባ ስዊች ያውቃል ያለው ማነው? ከዛ ኦሪጅናል የመርከብ ነው ብሎ ካርቶኑ ላይ መልህቅ የተሳለበት አወጣልኝ፣ የአንድ ወር የሻይ ቤት ሽያጬን ቆጥሬ ሰጠሁት። ቤት ደርሰን የእህቴ ልጅ አንዴ ቀጭ ቢያደርገው ቁልፉ ተገንጥሎ እጁ ላይ ቀረ። ይዤ ስመለስ ሰውየው ምንም አልተናገረም፣ ግድግዳው ላይ "የተሸጠ እቃ አይመለስም" የሚለውን በጣቱ አሳየኝ። በቃ። ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ፣ አልዋሽም።

ጀልባዋ ከዝዋይ ሽንኩርት በሚያመጣ አይሱዙ ላይ ተጭና ተመለሰች፣ ቦታ እንዳይባክን ብለው ሆዷንም ሽንኩርት ሞልተውባት። ጾም ሊገባ ሶስት ሳምንት ቀርቶታል፣ ዓሣ ደግሞ ገበያው ጾም ላይ ነው (ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች ትቼዋለሁ)። እንደዛ ተክዤ ሻይ ስቀዳ ነው አንድ የባጃጅ ሹፌር ደንበኛዬ "ጠባሴ አንድ ሽማግሌ አሉ፣ የአይሱዙና የባጃጅ መብራት የሚሰሩ፣ እስቲ ጠይቂያቸው" ያለኝ።

ሄድኩ። የድሮ በርኖስ ደርበው፣ የመነጽራቸውን እግር በቀይ ሽቦ አስረው ቡና እየጠጡ አገኘኋቸው። ጋሼ ጀልባ ነው የማሰራው ስላቸው ይስቃሉ ብዬ ስጠብቅ አልሳቁም። መጀመሪያ የጠየቁኝ ምን መሰላችሁ? ስንት ብር አለሽ አላሉኝም፣ ባልሽ የት ነው አላሉኝም።

"ወንድምሽ ዋና ይችላል?"

አይችልም አልኳቸው። ዝም አሉ። ሲኒውን መሬት አስቀምጠው "እንግዲያው ከፓምፑ ነው የምንጀምረው" አሉ። እስከዛች ደቂቃ ድረስ ስንት ሰው ጋ ስመላለስ ወንድሜን የጠየቀልኝ አንድ ሰው አልነበረም፣ እዛው ነው ልቤ የረጋው።

በማግስቱ ሱቃቸውን ዘግተው ስዊች ልንገዛ አብረን ሄድን። አንዱን ያነሳሉ፣ ጆሯቸው ስር አድርገው ቀጭ ቀጭ ያደርጋሉ፣ ገልብጠው ጀርባው ላይ የተጻፈውን ያነባሉ፣ ይመልሳሉ። የሚያብለጨልጨውን ኒኬል ሁሉ ዝም ብለው አለፉት፣ ጎማ ኮፍያ ያለውን ጥቁሩን መረጡ። የቤቱስ ምን ችግር አለው ብላቸው፣ 60 ዋት አምፖል ቤትሽ ውስጥ በ220 ቮልት ሲበራ ከሩብ አምፔር ብዙም አያልፍም፣ በ12 ቮልት ባትሪ ሲሆን ግን 5 አምፔር ይሆናል አሉኝ። ባልገባኝ ጊዜ "ቀጭን አፍ ባለው ማንቆርቆሪያ ለሰርግ ሻይ ቅጂ ብትባዪስ?" ሲሉኝ ገባኝ። የባትሪ ኤሌክትሪክ ደግሞ እንደ ቤቱ አይመላለስም፣ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ስታጠፊው ስዊቹ ውስጥ የምትፈነጥቀው እሳት ቶሎ አትሞትም፣ እየላሰች ትበላዋለች አሉ። ከዛ በኋላ ያሉትን አልያዝኩትም፣ ጭንቅላቴን ብቻ ነቀነቅኩ።

ለእያንዳንዱ መብራት የየራሱን ፊውዝ ሰጡት፣ ከባትሪው አጠገብ ደግሞ ሁሉን የሚዘጋ አንድ ትልቅ ቁልፍ አስገቡ። ለፓምፑ ግን ከባትሪው በቀጥታ ለብቻው መስመር ዘረጉለት ከነፊውዙ፣ ሌላው ሁሉ ቢጠፋም እሱ እንዲሰራ፣ ውሃ ከፍ ሲል ሰው ሳይነካው ራሱ የሚያስነሳው ተንሳፋፊ ነገርም አሰሩለት። ናስትሮ የሚባል ነገር አላየሁም። የሽቦውን ጫፍ ሁሉ በፒንሳ አንቀው ግራሶ ቀቡት።

ማክሰኞ ማታ አለቀ ብዬ ተኝቻለሁ፣ መብራት ጠፋ። የጥርን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቻለሁ፣ ስልኬ ጠራ። ጋሼ ናቸው። "ልጄ ጨለማ መጣልን፣ በር ክፈቺ።" ለካ ሆን ብለው ጨለማ ሲጠብቁ ነው የሰነበቱት! ባትሪ ይዘው በእግራቸው መጥተው በሬ ላይ ቆመዋል። በባልዲ ውሃ አስመጥተው እጄን አስነከሩኝ፣ ውሃው እንደ በረዶ ነው። ጀልባዋ ውስጥ አስቀመጡኝና "አይንሽን ጨፍኚ፣ ውሃ ገባ፣ ፓምፑን አስነሺ" አሉኝ። ዳበስኩ፣ አንዱን ቀጭ አደረግኩ፣ ፓውዛው ቦግ አለ። ተሳስቻለሁ። ጋሼ አልተቆጡም፣ ምንም አላሉም፣ ካቻቢቴያቸውን አውጥተው የፓምፑን ስዊች ከሌሎቹ ነጥለው ጥግ ላይ አደረጉት፣ ሌላ ወፈር ያለ ራስ ገጠሙለት። ጣቴ ደንዝዞ እያለ እንደገና አስጨፈኑኝ። በሁለተኛው አገኘሁት፣ ፓምፑ እርርርር አለ። በሶስተኛውም አገኘሁት። አራተኛም አስደገሙኝ።

ያን ለሊት ሰፈሩ በሙሉ ጨለማ ነው፣ የኛ ግቢ ብቻ ቀይ በግራ አረንጓዴ በቀኝ፣ መሀል ፓውዛ። እትዬ ጋቢያቸውን ተከናንበው በአጥሩ ብቅ ብለው "በስመ አብ! ውሃው መጣ እንዴ?" ሲሉ ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፣ እስኪያስላቸው ነው የሳቁት።

የተስማማነው የእጃቸው 4,500 ብር ነበር። ስሰጣቸው ቆጥረው 1,000ውን መለሱልኝ። ምነው ጋሼ ብላቸው "ጨምሪበትና የሚያንሳፍፍ ጃኬት ግዢለት፣ ስዊች ሰው አያንሳፍፍም" አሉኝ። ገዛሁለት፣ ብርቱካናማ ነው፣ ወንድሜ መጀመሪያ አፍሮበት ነበር አሁን ለምዶታል። ጾሙን ሙሉ ሰርቶ ወጣ፣ ሲደውል ስለ ዓሣና ስለ ነፋስ ነው የሚያወራኝ፣ ስለ መብራት አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም። እኔም ስልኬ ሌሊት ሲጠራ መደንገጥ እየተውኩ ነው።

እና እባካችሁ እባካችሁ፣ የመኪና መብራት ይሁን የባጃጅ፣ የሶላር ይሁን የጄኔሬተር፣ እንደኔ ሳትንከራተቱ እሳቸው ጋ ሂዱ። ሴት ብትሆኑ አይንቋችሁም፣ ባይገባችሁ ደግመው ያስረዷችኋል፣ ዋጋቸው ሰው ያማከለ ነው። ከደብረ ሲናም ከሸዋ ሮቢትም ቢሆን የትራንስፖርቱን ብር አታጡበትም፣ ሂዱ። ስማቸውን እንዳላወጣ ለምነውኛል፣ "ሰው ይበዛብኛል ልጄ" ብለው፣ እኔ ደግሞ እንዲበዛባቸው ነው የምጽፈው። ጠባሴ ጋራዦቹ ጋ ስትደርሱ ለኖህ መብራት የሰሩት ጋሼ የት ናቸው በሉ። መጀመሪያ ይስቁባችኋል፣ ከዛ ያሳዩዋችኋል።