ነዳጅ ሙሉ ሲሰጥ፦ ጄት ጀልባና ባለፕሮፔለር

ከጎንደር ወደ ጎርጎራ ወርዳችሁ ጣና ላይ ጀልባ የምትሞክሩ ከሆነ አንድ ነገር አድርጉ። ነዳጁን እስከ መጨረሻው ስጡና የሞተሩን ዙር በደቂቃ (RPM) አንብቡ። ቁጥሩ ግን በባለፕሮፔለሩና ውሃ በፓምፕ ስቦ ወደ ኋላ በሚተፋው ጄት ጀልባ ላይ ትርጉሙ ይለያያል።

ባለፕሮፔለሩ ጭነት ይሰማዋል። ሰው ሲበዛበት ዙሩ ይወርዳል። ስለዚህ ሞተር ከመፍታታችሁ በፊት ጭነቱንና የፕሮፔለሩን ልክ እዩ።

ጄቱ ሌላ ነው። ፓምፑ ውሃ እስካገኘ ድረስ አምስት ሰው ጫኑ አስር፣ ዙሩ ብዙም አይነቃነቅም። ከወረደ ጥርጣሬው ወደ ሞተሩ ነው፦ ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ነዳጅ። ሞተሩ እየጮኸ ጀልባው ካልሄደስ? ፍሪሲዮኑ እንዳለቀ መኪና ማለት ነው። ፓምፑ አየር ስቧል፣ ወይ ኢምፔለሩ (ፓምፑ ውስጥ የሚሽከረከረው ምላጭ) ተበልቷል፣ ወይ የውሃ መግቢያው ተዘግቷል። ጣና ላይ እምቦጭ እያለ እኔ መጀመሪያ የማየው መግቢያውን ነው። ሞተሩን አጥፍቼ፣ ቁልፉን ነቅዬ!

ከፍታውንም አትርሱ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። የጄት ፓምፕ የሚበላው ጉልበት ግን ከዙሩ ኪዩብ ጋር ስለሚሄድ (ዙሩ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ)፣ ዙሩ የሚወርደው 7 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። በባሕር ጠለል 4,500 የሚያነብ ሞተር እዚህ 4,200 ገደማ ቢያነብ አትደንግጡ።

ለምርመራ ጄቱ ይቀለኛል። በዝግታ ለሚጓዝ ግን ፕሮፔለሩ ይሻላል፤ ጄት ነዳጅ ይወዳል።