በሊሾ እንዳትሸወዱ

ገላን፣ ቱሉ ዲምቱና አቃቂ በኩል ግቢ ያላችሁ ይህን አንብቡት። ለዶማና አካፋ፣ ለከሰልና ለትርፍ ዕቃ የምትሆን የቆርቆሮ ስቶር ልታቆሙ ከሆነ “ወለሉን ማቴሪያልም ጉልበትም ችለን በአንድ ቀን እናስረክባለን” የሚሉ ሠራተኞች ደጃችሁን ማንኳኳታቸው አይቀርም። ዋጋቸው ከሌላው በጣም ያንሳል። ልዩነቱ የት እንደገባ ልንገራችሁ።

የኛ ሰፈር አፈር ዋልካ ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይወጣዋል። ሰዎቹ የሚመጡት ታዲያ ጥርና የካቲት ላይ ነው፤ መሬቱ ድንጋይ መስሎ ሲታይ። “ይሄማ ደረቅ ነው፣ መቆፈር ምን ያደርጋል?” ይላሉ። ሣሩን ጫር ጫር አድርገው ኮንክሪቱን እላዩ ላይ ያፈሱታል። ማታ ሊሾው ሲያብረቀርቅ ቀሪ ሂሳባቸውን ተቀብለው ውልቅ።

ጎረቤቴ ጋ የሆነው ይኸው ነው። ነሐሴ ላይ የወለሉ አንድ ጥግ ተነስቶ የስቶሩ በር አልዘጋ አለ። ሲፈነቀል ቆሜ አየሁ። ዳር ዳሩ፣ ጣውላው የነበረበት፣ 10 ሳንቲ ሜትር ይሞላል። መሃሉ ግን ከሁለት ጣት አይበልጥም! ቁራጩን በጥፍሬ ስፍቀው አሸዋው ረገፈ። ሲሚንቶ ሸቶት እንጂ ነክቶት አያውቅም። ስልካቸው? ዝግ።

ሂሳቡን ያዙ። 3 በ4 ሜትር የሆነ ወለል በ10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት 1.2 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይፈልጋል። አንድ ሲሚንቶ ለሁለት አሸዋ ለሦስት ጠጠር ከተቦካ ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ 9 ከረጢት አካባቢ ይበላል። አራት ከረጢት ይዘው ከመጡ ሳያወርዱ መልሷቸው።

ዋልካው ቢያንስ ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ተቆፍሮ መውጣት አለበት። በምትኩ ገረጋንቲ፣ ማለትም የማያብጥ የሙሌት አፈር ይገባል፣ ግን በአንዴ ተደፍቶ አይደለም። 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ እየተነጠፈ፣ ውሃ እየጠጣ፣ በደንብ እየተጠቀጠቀ ነው። ገንዘባችሁን እዚህ ላይ አውጡ። እንዲያውም ለቀላል ስቶር ኮንክሪት የግድ አይደለም። የተጠቀጠቀው ገረጋንቲ ላይ ዙሪያውን ድንጋይ ደርድሮ ጠጠር ማንጠፍ፣ የስቶሩን እግሮች ባልተቦረቦረ ብሎኬት ላይ ማሳረፍ ይበቃል፤ ርካሽም ነው። ወለሉ ከግቢው ከፍ ይበል፣ የጣሪያው ውሃም ወደ ሥሩ አይሂድ።

የግድ ኮንክሪት ይሁን ካላችሁ ግን ማቴሪያሉን ራሳችሁ ግዙ፣ ከሥሩ ላስቲክ ይነጠፍ። ክፍያውን ከፋፍሉት፦ ጉድጓዱን ስታዩ፣ ገረጋንቲው ሲጠቀጠቅ፣ የመጨረሻው ደግሞ ወለሉ 7 ቀን ውሃ ከጠጣ በኋላ። ሲፈስ አጠገባቸው ቁሙ። ቀጭን ፌሮ 10 ሳንቲ ሜትሩ ላይ ምልክት አድርጉና ላስቲኩን ሳትበሱ መሃል መሃሉን ቀስ ብላችሁ ወጋ ወጋ አድርጉ። በዚህ የሚቆጣ ሠራተኛ ካለ ሥራውን እዚያው አስቁሙት።