በወሎ የአንድ ማዕከል አገልግሎት፦ ከጦርነቱ ዓመታት በኋላ ለምትመጣ ሴት

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዘለቀው የሰሜኑ ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ክልሎች በርካታ ሴቶች በታጣቂዎች ተደፍረዋል። ይህን አስተያየት የምጽፈው ከእነርሱ አንዷ የሆነችውን ዘመዴን፣ በፈቃዷ፣ ወሎ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ወደሚገኘው የጥቃት ተጎጂዎች የአንድ ማዕከል አገልግሎት ይዣት ሄጄ ካየሁት ተነሥቼ ነው።

ማዕከሉ ሐኪም፣ የሥነ ልቦና አማካሪ፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በአንድ ግቢ የሚገኙበት ሲሆን ክፍያ አይጠየቅም። እጅግ ያስደሰተኝ የነርሷ አያያዝ ነው። በሩን ከውስጥ ቆለፈች፤ ወንበሯን ከጠረጴዛው ማዶ አንሥታ ዘመዴ አጠገብ ተቀመጠችና «እቴ፣ የከበደሽን እለፊው፣ ሌላ ቀን እንመለስበታለን» አለቻት። ቃሏ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ስለተመዘገበ፣ ሐኪሙም ሆነ አማካሪዋ ታሪኩን እንደገና አላስነገሯትም።

ቅሬታዬ ከበሩ ውጭ ነው። ተራ የሚጠበቅበት አግዳሚ ከካርድ ክፍሉ ፊት ለፊት ስለሆነ ማን ወደ ማዕከሉ እንደገባ ወረፋ የያዘው ሁሉ ያያል። ሰው ከሰው በሚተዋወቅበት ከተማ፣ ዘመዴ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ በመቀመጧ አልፈረድኩባትም።

ከዚህ የባሰው ግን አሠራሩ ጥቃቱ ትናንት እንደደረሰ ተደርጎ መታሰቡ ነው። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀናት የሚወሰድ ነው፤ ድንገተኛው የእርግዝና መከላከያም ከ5 ቀን አያልፍም። መንገድ ተዘግቶ፣ ጤና ጣቢያው ተዘርፎ በነበረበት ወቅት በእነዚህ ሰዓታት ውስጥ የት ይደረስ ነበር? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ተገድዳ የተደፈረች ሴት ጽንሱን ማቋረጥ እንደምትችል፣ ለዚህም የራሷ ቃል በቂ ማስረጃ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ዘመዴ ይህን የሰማችው ልጇ ድክ ድክ ማለት ከጀመረ በኋላ ነው። ማዕከሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን አሠልጥኖ መረጃውን እስከ ቀበሌ ካላደረሰ፣ አገልግሎቱ ለከተሜዋ ብቻ ይሆናል።

እንዲህም ሆኖ መሄዱን እመክራለሁ። አማካሪዋ ከሰዓት በኋላ ስለማትገኝ ጠዋት መድረስ ይሻላል። የዘገየችም ብትሆን አትቅር፤ ዘመዴን ለምን ዘገየሽ ብሎ የጠየቃት አልነበረም፤ የማህፀን ምርመራዋም ሆነ የምክር ክትትሏ በዚያው ቀን ተጀምሮላታል።